ወይዘሮ ዲንቄና የተሾመ አንጓ

ሳይማር የተመረቀ ሐኪም የሌለበት ሰፈር የለም። በፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ይህን ማዕረግ የያዙት ክብርት ወይዘሮ ዲንቄ ነበሩ። የቀበሌው ሱቅ ስኳር አመጣ ተብሎ ሰልፍ በተያዘ ቁጥር ተራቸው እስኪደርስ ሦስት ሰው ያክማሉ። በሽተኛው ገና አፉን ሳይከፍት «አውቀዋለሁ!» ይላሉ። ለጉንፋን ፌጦ፣ ለቁርጠት ፌጦ፤ ከባሏ ለተጣላች ሴት ሳይቀር ፌጦ ማዘዛቸው ይነገራል።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት መካኒኩ ተሾመ የእጁ አንጓ ላይ ሐምራዊ፣ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ሽፍታ ወጣበት። ማሳከኩ አንድ ነገር ነው፤ የባሰው ሰዉ ነበር። ጣቱ ከግራሶ ተለይቶ ስለማያውቅ ሰላም የሚለው አንጓውን ዘርግቶ ነው። አሁን ያን አንጓ የሚጨብጥለት ጠፋ፤ ሁሉም ከሩቅ እጅ ይነሳዋል።

ወይዘሮ ዲንቄ ግን ለቀም አደረጉት። «አውቀዋለሁ! ጭርት ነው። አይዞህ፣ ሳምንት አይቆይም!» ሰባት ቀን ሙሉ እጁን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በፌጦና በነጭ ሽንኩርት አሹት። ቆዳው ተላጠ፣ ሽፍታውም በታሸበት ሁሉ ተዘራ።

ተሾመ ቢጨንቀው ሐኪም ቤት ሄደ። የቆዳ ሐኪሙ አንጓውን አየ፤ አፉንም አስከፍቶ ጉንጩ ውስጥ ድር የመሰለ ነጭ መስመር አገኘ። «ላይክን ፕላነስ ይባላል። ጭርት አይደለም፣ አይጋባም። ይህን ቅባት ተቀባ። አትከከው፣ አትሸው፤ ሽፍታው ቆዳ በተጎዳበት ሁሉ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ በዓመት በሁለት ዓመት ይተዋል።»

ተሾመ «አይጋባም» የሚለውን ብቻ ይዞ ቢመለስ ምን ነበረበት! እሱ ግን በስኳሩ ሰልፍ ፊት ጮክ ብሎ፣ «እትዬ ዲንቄ፣ ያባሱብኝ እርስዎ ነዎት ብሏል ሐኪሙ! ኧረ ሰው አይጨርሱ!» አለ። ሐኪሙ ስማቸውንም አያውቅ። ሰልፉ ሳቀ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ፊታቸውን ወደ ሱቁ መለሱ።

ቅባቱ ማሳከኩን አበረደው። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ሽፍታው ከስሞ ጥቁር ምልክት ብቻ ቀረ፤ ሰዉም አንጓውን መጨበጥ ጀመረ። ወይዘሮ ዲንቄ ግን ሰልፍ ላይ ከዝናብ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። ተሾመን አንድ ነገር ዘግይቶ ገባው፤ ገብቶትም አንገበገበው። ሴትየዋ ጭርት ነው ብለው አምነዋል፤ ጭርት ደግሞ እንደሚጋባ ሕፃን ያውቃል። እያወቁ ነው እጁን ጭናቸው ላይ ያስቀመጡት።

ይቅርታ ማለት ቢያቅተው፣ አንድ ቅዳሜ ደህናውን ጉልበቱን እያሸ ደጃቸው ቆመ።

«እትዬ፣ ጉልበቴን አሞኛል። ፌጦ ቢያዙልኝስ?»

ወይዘሮ ዲንቄ ጉልበቱን አዩት። እጃቸው ወደ እሱ ሄደና ከመንገድ ተመለሰ።

«ሐኪም ቤት ሂድ ልጄ» አሉ። «እኔ ምን አውቃለሁ?»