ቦራን ከገበያ የመለሰው ሟች

ስለ ሌላ ሰው ኪስ እንደ ማውራት የሚቀል ሥራ አላየሁም። ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ስወጣ የቀረኝ ሙያ ይኸው ነው። ሠላሳ አንድ ማለት ነበረብኝ፤ የመጀመሪያው ዓመት ግን ማስተማር ስለማይባል ነው። እዚህ ንፋስ መውጫ ማን ስልክ እንደቀየረ፣ ማን ለልጁ ክርስትና ስንት በግ እንዳረደ እሰማለሁ፤ ሰምቼም ራሴን እነቀንቃለሁ። የእኔ ኪስ ነገር ሲነሣ ግን ዝርዝሩ አጭር ነው፤ አንዲት ፍላሽ ብቻ ናት።

አውራ ጣት የማታህለውን ይህችን ዕቃ በየሳምንቱ ወደ አንድ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ይዤ እሄዳለሁ። ዘንዶ የሚበርበት፣ ነገሥታት የሚተራረዱበት፣ በአማርኛ የተተረጎመ ተከታታይ ፊልም አለ፤ እሱን አስጭናለሁ። ክፍያው ትንሽ ነው። ትንሽ ያልኩት የአንዱን ክፍል ነው፤ እኔ የማስጭነው አራት አራት ነው። ባለቤቴ ይመኙሻል ፊልሙን አብራኝ ታያለች፤ ዋጋውን ግን አታውቅም። ገንዘቡ የት ገባ ስትለኝ እስክርቢቶ ገዛሁበት እላት ነበር። "መጻፍ የጀመርከው ጡረታ ከወጣህ በኋላ ነው እንዴ?" ትለኛለች።

በነገራችን ላይ በፊልም ሠሪዎቹ ላይ ቅሬታ አለኝ። ክፉውን ሰው ሃያ ክፍል ያኖሩታል፤ ደጉን ግን ልክ እንደ ዘመድ ስንለምደው ይገድሉብናል። ከብዙ ክትትል በኋላ ምልክቱን አውቄዋለሁ። አንድ ደግ ሰው ሰማይ ሰማይ እያየ ስለ ቤቱ ማውራት ከጀመረ አለቀለት። ይመኙሻልን አንዲት ንግሥት የሞተች ዕለት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣ አግኝቻታለሁ። እኔ በበኩሌ አልቅሼ አላውቅም። አይ፣ ይህን ላስተካክል፤ አንድ ጊዜ አልቅሻለሁ።

ዘንድሮ የይመኙሻል እናት ስማዳ ላይ አረፉ። ተዝካራቸውን የሚያወጣው የመጨረሻ ልጃቸው ሙጬ ነበር። ሙጬ አራት ልጆችና ሁለት በሬ ያለው ገበሬ ነው። አንዱን በሬ፣ ቦራ የሚባለውን፣ ሸጦ አገር ሊያበላ ቆርጦ ተነሣ። ቦራ ከተሸጠ ክረምት ሲገባ ሙጬ እንደሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር መቀናጆ ገብቶ በተራ ሊያርስ ነው፤ ዝናብ ደግሞ ተራ አይጠብቅም። ይመኙሻል እንቅልፍ አጣች። "ለሰው ሁሉ ትመክር የለም? እስቲ ለወንድሜ ምከርልኝ" አለችኝ።

ሙጬ አርብ ከሰዓት በኋላ ቦራን እየነዳ ደረሰ፤ ለቅዳሜ ገበያ መሆኑ ነው። በሬውን ጓሮ አስሮ፣ ጭድ ሰጥቶ ገባ። እኔም ንግግሬን አዘጋጅቼ ጠብቄዋለሁ፤ መግቢያ፣ ዋና ሐሳብ፣ መደምደሚያ። ስለ ቁጠባ ነገርኩት። እናቱ ራሳቸው ቦራን ከጥጃነቱ እንዳሳደጉት አስታወስኩት። አንገቱን ደፍቶ "ልክ ነው፣ መምህር" አለ። ቀጠልኩ፤ "ልክ ነው" አለ። አሁንም ቀጠልኩ፤ "ልክ ነው" አለ። በእኛ አገር አንድ ገበሬ ሦስት ጊዜ ልክ ነው ካላችሁ ክርክሩ አልቋል፤ የተሸነፋችሁትም እናንተ ናችሁ።

"ታዲያ በሬውን ትመልሳለህ?" አልኩት።

"እንዴት አድርጌ፣ መምህር? የአባቴን ተዝካር አገር በልቶታል። የእናቴ ቢያንስ ሰው ምን ይለኛል?"

ስሸነፍ የማደርገውን አደረግኩ፤ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ።

በፊልሙ ውስጥ አንድ ሽማግሌ የጦር አለቃ አለ። የከተማዋን በር ዕድሜ ልኩን የጠበቀ፣ ከደመወዙ ለወታደሮቹ ጫማ የሚገዛ ሰው ነው። ያን ዕለት ሰማይ ሰማይ እያየ ስለ ቤቱ ማውራት ጀመረ።

"ወይ ጉዴ!" አልኩ።

"ምን ሆነ?" አለ ሙጬ።

"ሊሞት ነው።"

"ምነው፣ ደህና አይደለም እንዴ?"

ሳይጨርስ ዘንዶው መጣ። ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው።

ሙጬ አላለቀሰም፤ እሱ ቀብሩን ነበር የሚመረምረው። ንጉሡ መቶ ጥቁር ፈረስ አሰለፈ፤ በአዳራሹ ሦስት ቀን ግብር ተበላ። ሙጬ ከመቀመጫው ብድግ አለ። "ይኸ ነው ተዝካር! አየሽ እታለም? ሰው እንዲህ ነው የሚከበር!" ይመኙሻል በዓይኗ ልትጨርሰኝ ደረሰች። አንዱን በሬ አስመልስ ተብዬ፣ ሁለተኛውንም ላሸጥ ነው!

ለማጥፋት ስነሣ የሚቀጥለው ክፍል በራሱ ጀመረ። ጠላት ዳግመኛ ወደ ከተማዋ መጥቷል። ንጉሡ "ይህን በር ቀድሞ ይጠብቅ የነበረው ማን ነው?" ብሎ ጠየቀ። መኳንንቱ ተያዩ። አንዱ "አንድ ሽማግሌ ነበር" አለ። ስሙን ያስታወሰ አልተገኘም። ጽዋቸውን አነሡ።

ሙጬ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"እነዚህ አይደሉም ያን ሁሉ የበሉት?"

"እነሱ ናቸው።"

"ስሙን እንኳ?"

"ስሙን እንኳ።"

ከዚያ አንድ ነገር አጫወተን። በአባቱ ተዝካር ዕለት ከወንዝ ማዶ የመጣ አንድ እንግዳ፣ እጁ ገና ከወጡ ሳይወጣ፣ ወደ ሙጬ ዞሮ "ለመሆኑ የማን ተዝካር ነው?" ብሎት ኖሯል። ሙጬም የአባቴ ነው ማለት አፍሮ "የአንድ ሽማግሌ ነው" ብሎ መልሶለታል። ይህን እስከዚያ ቀን ለማንም አልተናገረም ነበር።

ይመኙሻል በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ እህትና ወንድም እናታቸውን በስም የሚያውቃቸው ማን ማን እንደሆነ እየተጋገዙ ቆጠሩ፤ የደብሩ ካህናት፣ የማኅበር ጓደኞቻቸው፣ በየበዓሉ ደጃቸው የሚቀመጡ ነዳያን፣ የቅርብ ጎረቤት።

"ለእነዚህ አንድ በግ ይበቃል" አለች ይመኙሻል።

"ሁለት" አለ ሙጬ።

በሁለት ተስማሙ። በማግስቱ ገበያ የወጣው ቦራ ሳይሆን እኔ ነኝ፤ አንዱን በግ የምገዛው እኔ መሆኔ ሳልጠየቅ ተወስኖ ነበር። ቦራ በመጣበት መንገድ ተመለሰ፤ ተዝካሩም ወጣ። ሙጬ ንፉግ ሆነ ብለው ያሙ ነበሩ። የማን ተዝካር ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ከዚህ ምን ተማርክ ብትሉኝ መልሱ ለሙያዬ የሚያኮራ አይደለም። ሦስት ክፍል ያለው ንግግሬ ያልመለሰውን በሬ፣ የሸሸግኩት ወጪ መለሰው። ስለዚህ ዋጋውን ለይመኙሻል ተናዘዝኩ። "እስክርቢቶ ቤት ውስጥ አንድም አልነበረም እኮ" አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ግን መካነ ኢየሱስ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ደወለ። ሴት ልጁን ሊድር ነው፤ ሦስት ድንኳን፣ ሁለት ሰንጋ፣ ከባሕር ዳር የሚመጣ ቪዲዮ አንሺ፣ ሁሉም በብድር። ይመኙሻል ስልኩን ዘጋችና ከመቀነቷ ብር ፈትታ ሰጠችኝ።

"ሂድና አስጭን" አለች። "መቼም ሠርግ የሚበላሽበት ክፍል አይጠፋም።"

እኔ መምህር ነኝና አልዋሽም። ማለቴ፣ ከተናዘዝኩ ወዲህ አልዋሽም። አለ አልኳት። ነገር ግን ወንድሟ እሱን ያየ እንደሆነ ድግሱን ብቻ ሳይሆን ሙሽራውንም እንደሚሰርዝ አስጠነቀቅኳት።

ጥቂት አሰበች።

"ልጁን እኔም ብዙ አልወደድኩትም" አለች። "አስጭነው።"