ውሃ የሚጠጣው ጀልባ

ባለጀልባ ታውቃላችሁ? የባሕር ዳርቻውን አይደለም የምላችሁ፤ አሰበ ተፈሪ፣ ተራራው ላይ ያለውን ነው። ጎረቤቴ አቶ ዘለቀ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊው፣ «አንድ ቀን ዓለማያ ሐይቅ ላይ እንሸራሸርበታለሁ» ብለው ከጅቡቲ ባለሸራ ጀልባ ገዙ። እስከ ሚኤሶ በባቡር፣ ከዚያ ሽቅብ በጭነት መኪና አስመጡት።

መግዛቱስ ቀላል ነበር። በደረቁ አየራችን እንጨቱ ይሰነጠቅ ጀመር፤ መድኃኒቱ ማራስ ነው አሏቸው። እናም ሌላው ሰው ጀልባውን ውሃ ላይ ሲያደርግ፣ አቶ ዘለቀ ውሃውን ጀልባው ውስጥ ያደርጉ ጀመር።

በየማለዳው ውሃ ሻጩ አብዲ በአህዮቹ ውሃ ያመላልሳል። «ወላሂ ጌታው፣ የቦርደዴ በረሃ ግመል እንኳ ጠጥቶ ይጠግባል!» ይላል፤ ዋጋውን ግን አይቀንስም። ሚስታቸው ወይዘሮ አስካለ «ልጆቼ በአንድ ጣሳ ውሃ ተሻምተው እየታጠቡ ጀልባ ይዋኛል?» ቢሉ ማን ሰምቷቸው!

ሸራው እንኳ ሥራ አላጣም፤ የሰፈሩ የለቅሶ ድንኳን ሆነ። ሲቀደድ የሚያሰፉት ግን አቶ ዘለቀ ናቸው። ለለቅሶ ሸራ የነፈገ ሰው የራሱን ሬሳ ማን ይሸኝለታል?

በመጨረሻ አቶ ዘለቀ በሥራ ተዛወሩ። የት ቢሆን ጥሩ ነው? ምጽዋ! ባሕሩ ደጃፋቸው ድረስ ሊመጣላቸው ሲል፣ የጀልባው ማጓጓዣ ከጀልባው ዋጋ በለጠና እንባቸው እየመጣ ሸጡት።

የትኛው ሞኝ ገዛው አላችሁ? እንዴት ሞኝ ትሉኛላችሁ! በጣም ረክሶ እኮ ነው ያገኘሁት። ይልቅ ልቀቁኝና በሩን ልክፈት፤ አብዲ ውሃውን ይዞ ቆሟል።