የሸምሱ ሁለተኛ ዲስክ

ቅናት ትምህርት አይጠይቅም። ፊደል ያልቆጠረ ይቀናል፤ ዲግሪውን በመስታወት አስገብቶ ግድግዳ ላይ የሰቀለም ይቀናል። ልዩነቱ የሚቀኑበት ነገር ነው። በእናቶቻችን ጊዜ ነገር የሚጀመረው ጎባ ገበያ ሄዶ ባመሸ ባል ነበር። ኋላ ስልክ መጣ፤ ባል ስልኩን በፊቱ ደፍቶ ካስቀመጠ ቤት ውስጥ ሰላም የለም። የእኔ ግን ከሁለቱም ይለያል። እኔ የቀናሁት በኮምፒውተር ነው። በሙሉው እንኳ አይደለም፤ ሆዱ ውስጥ በተቀመጠች አንዲት ሃርድ ዲስክ። ለመሳቅ አትቸኩሉ፣ ጨርሼ ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ሸምሱ ሮቤ ውስጥ ሰርግ ይቀርጻል። ከኔ የጨርቅ ሱቅ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ቁጭ ብሎ የቀረጸውን ያቀናብራል፤ ሙሽራዋ ስታለቅስ ያስረዝማል፣ አማቷ ሲያዛጉ ይቆርጣል። እኔም ሱቁ ጭር ሲል እዚያው ገብቼ የአዳዲስ ጨርቅ ፎቶ ለደንበኞቼ አዘጋጃለሁ። ኮምፒውተሩ የጋራችን ነበር ማለት ነው። ነበር ልበል።

አንድ ቀን ከጎባ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ለኔ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። ሃርድ ዲስክ ነው። ኮምፒውተሩን ፈቶ እያስገባት አስረዳኝ።

«ከእንግዲህ ሁለት ሲስተም አለን። በድሮው ዲስክ ላይ ዊንዶውሱ እንዳለ ነው፤ የሰርጉ ሥራና ያንቺ ፎቶዎች እዚያው ናቸው። በዚህችኛዋ ላይ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም አስጭኛለሁ። ሲበራ የትኛው እንዲከፈት እንደምትፈልጊ ይጠይቅሻል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው አይነካም።»

«ይተያያሉ?» አልኩት።

«የኔ ያንቺን ያያል፤ ያንቺ ግን የኔን አያይም።»

እንግዲህ ፍረዱ። ይህን ለሚስቱ የሚናገር ሰው ወይ የዋህ ነው ወይ ደፋር። ሸምሱ የዋህ ነው። እኔ ግን ያን ቀን የዋህነቱ አልታየኝም፤ «የኔ» እና «ያንቺ» የሚለው ብቻ ጆሮዬ ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የዐስር ሶላት ሰግዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩን ያጠፋና እንደገና ያበራዋል፤ ጥቁሩ ስክሪን ሲጠይቀው የራሱን መርጦ ይገባል። የጆሮ ማዳመጫ ያደርጋል፣ ወደ ስክሪኑ ያጎነብሳል። እኔም ሰበብ ፈልጌ እገባለሁ። አንዴ መቀስ፣ አንዴ ቻርጀር። አንድ ቀን ከማዳመጫው የሴት ድምፅ አፈትልኮ ሰማሁ። «ሸምሱ፣ ነገ ትጨርሰዋለህ አይደል?» ትላለች። ድምጿ እንደ ማር ነው፤ ብቀናም እውነቱን እናገራለሁ።

«ማን ናት?»

«ሊዲያ። አዲስ አበባ ያለች የሥራ ሰው ናት» አለኝ፤ ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም።

ጎረቤታችን አዴ ዘሃራ ጣውንት የነበረባቸው ትልቅ ሴት ናቸው። ቅናትን ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለምና ሄድኩ። «አዴ፣ እርስዎ እንዴት ቻሉት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «የኔ ሰውዬ አንድ ቤት ሮቤ፣ አንድ ቤት ደግሞ አንገቱ ከተማ ነበረው። ከዚያ በመጣ ቁጥር ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ እያየሁ እቃጠል ነበር። በመጨረሻ ተሳፍሬ ሄድኩ።»

«ምን አገኙ?»

«ጣሪያዋ ያፈሳል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ወሰደኝ። አንቺም ሄደሽ እዪ፤ ሰው የሚታመመው ባላየው ነው።»

ሸምሱ ለሰርግ ቀረጻ አጋርፋ ሲሄድ እኔም አዴ እንዳሉኝ ላየው ሄድኩ። መሄድስ ምን መሄድ አለው፣ ከሱቄ ተነስቶ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ነው። የሱን ወገን ስመርጥ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ስሜን ጻፍኩ። አይደለም። የልጃችንን ስም ጻፍኩ። አይደለም። ፈራ ተባ እያልኩ «ሊዲያ» ብዬ ጻፍኩ። እሱም አይደለም። አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ ግን ልቤ አላረፈም።

በኛ ወገን፣ በዊንዶውሱ በኩል ሞከርኩ። ወዲህም ወዲያም ስነካካ፣ ይህ ዲስክ ሥራ ላይ እንዲውል መጀመሪያ ፎርማት መደረግ አለበት፣ ይደረግ ወይ የሚል ጥያቄ ወጣ። ፎርማት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የማታዪውን ቤት ከነዕቃው ላፍርስልሽ ወይ ማለት ነው። ሱቄ ደጃፍ ሴቶች ሻሽ እየጠየቁ ቆመዋል፤ እጄ ማውዙ ላይ ቀርቷል። አንዴ ብጫነው ያበቃል። ዲስክ እንደሆነ በራሱም ይበላሻል፤ ማን ያውቃል?

ግን ካጠፋሁት ምን እንደነበረበት እስክሞት አላውቅም። ለካ ቅናት ከማጥፋት ይልቅ ማየት ነው የሚወደው። አይደረግ ብዬ ዘጋሁትና ሻሹን ልሸጥ ወጣሁ።

ሸምሱ ሲመለስ ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ «ያንተን ወገን አሳየኝ» አልኩት። አልተቆጣም። ቁጭ ብሎ የይለፍ ቃሉን ጻፈ።

«ቃሉ ምንድን ነው?»

«የሞተር ሳይክሏ ታርጋ።»

ልብ በሉ፤ የራሱን ሞተር «ሞተር ሳይክሏ» ነው ያለው፤ እሷም ሴት ሆነች።

የተከፈተው የሪራ ጫካ ነው። ጉም በዛፎቹ መሃል ቀስ ብሎ ያልፋል። የሸምሱ አባት፣ አማቴ፣ በዚያ ዕድሜያቸው በገመድ ተንጠልጥለው ማር ሊቆርጡ ወደ ቀፎው ይወጣሉ። ከታች የሸምሱ እናት ቆመው ውረድ እያሉ ይቆጣሉ። እሳቸው ከላይ ይስቃሉ። ሸምሱ ይህን ፊልም ሲያዘጋጅ ከርሟል፤ ሊዲያ ድምፁን ታስተካክልለታለች።

«ለምን ለብቻው አደረግከው?»

«ሰርግ የሚያሠራው ሁሉ ፍላሹን እዚያኛው ላይ ይሰካል፤ ቫይረስ ነው። ያለፈው ጊዜ የአንዷን ሙሽራ ግማሽ ሰርግ በላብን። ሰርግ ከሆነ ይቅርታ ይጠየቃል። ይሄን ግን ደግሜ አልቀርጸውም፤ ጉልበታቸው ደክሟል፣ አባቴ ከእንግዲህ ዛፍ አይወጡም።»

ማውዙን ይዛ የነበረች እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅኳት።

«ለኔስ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሳያልቅ ካየሽው ምን ይሠራልሃል ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። ስትጠይቂኝ እተወዋለሁ።»

ቅናቴ እዚህ ላይ መልቀቅ ነበረበት። ባሰበት እንጂ። ሊዲያን ትቼ በጉሙ ቀናሁ። ያን ጉም በትዕግሥት፣ ቀለሙን ደረጃ በደረጃ እያለዘበ ነው የሠራው፤ እኔ ደግሞ አዲስ ቀሚስ ለብሼ ሳምንት ብመላለስ አያስተውልም። ከጉሙም በላይ የቀናሁት በቦታው ነው። እሱ ማንም ሳይጠራው ገብቶ የሚቀመጥበት ቦታ አለው። የእኔ ሱቅ መዝጊያው ሙሉ ቀን ክፍት ነው፤ ያሻው ይገባል፣ ጨርቁን ይጎትታል፣ «የመጨረሻው ስንት ነው» ይላል፣ ይሄዳል።

ስለዚህ ጎባ ራሴ ሄድኩ። በሽያጬ ገንዘብ የራሴን ዲስክ ገዛሁ፤ የሱቁ ባለሙያ ሊኑክስ ጫነበት፣ ከዚህም ከዚያም ወገን እንዳይታይ አድርጎ ቆለፈልኝ። አሁን ኮምፒውተራችን ሲበራ ሦስት ምርጫ ያቀርባል።

ከዙህር ሶላት በኋላ ሱቁን ገርበብ አድርጌ ወደ ራሴው ዲስክ እገባለሁ። ሸምሱ መጀመሪያ ሰሞን ነገሬም አላለው። ቀጥሎ በር ላይ መመላለስ ጀመረ። አሁን በቀጥታ ይጠይቀኛል።

«ምን አለበት?»

«ምንም።»

እውነቴን ነው። እስካሁን ባዶ ነው። ገብቼ ባዶውን እያየሁ ምን እንደማስቀምጥበት አስባለሁ። ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፤ አያምነኝም። እኔም በሱ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።