ሁለት ዓይነት ነጭ

ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ «ልናገረው ወይስ ልተወው?» የሚል ሰው አለው። ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። ይህን ያለ ሰው ትቶት አያውቅም። መልሳችሁን ሳይጠብቅ ይናገረዋል፣ ተናግሮም ቅልል ይለዋል። ከዚያ በኋላ የሚከብደው እናንተን ነው።

በእኛ ቤት ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት አክስቴ ናቸው። አርባ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል። በአርባ ዓመት ውስጥ አይተው ያለፉት ግድፈት የለም። በእህቴ ሠርግ ዕለት፣ ሙሽራዋ ገና ደፉን ሳትሻገር፣ የቀሚሷ ጠርዝ በስተግራ በአንድ ጣት እንደሚያጥር አወጁ። ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ደግሞ ሐኪሙ ሊመረምራቸው ሲያጎነብስ «ልናገረው ወይስ ልተወው?» አሉ። ሐኪሙ የሕመም ምልክት መስሎት «ይናገሩ እንጂ!» አላቸው። የጋውኑ ሁለተኛ ቁልፍ በሰማያዊ ክር መሰፋቱን ነገሩት።

እኔ እንግዲህ መኪና ገዛሁ። አዲስ፣ ነጭ። ዘጠኝ ዓመት በሰው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ የተመኘኋት ናት። የመቀመጫዋ ፕላስቲክ እንኳ አልተቀደደም። ጎረቤቴ ወጥቶ «እንኳን ደስ አለህ!» እያለኝ ሳለ አክስቴ መጡ፤ መነጽራቸውን አጠለቁና መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት።

«ልናገረው ወይስ ልተወው?»

«ይተዉት!» አልኩ።

«ባምፐሩና በሩ አንድ ነጭ አይደሉም።»

ደሜ ፈላ። «አክስቴ፣ ነጭ ነጭ ነው!»

«ለአንተ ነዋ!» ቦርሳቸውን ከፍተው ክር ያወጡ ጀመር። ነጭ ክር፣ ሌላ ነጭ ክር፣ ደግሞ ሌላ ነጭ ክር። «ፀሐይም አምፖልም ይዋሻሉ» ብለው መኪናዋን ጥላ ሥር እንዳስገባት አዘዙኝ። አንዱን ክር በሩ ላይ ሲዘረጉት ቀለሙ ውስጥ ጠፋ። ያንኑ ክር ባምፐሩ ላይ ሲዘረጉት ቁልጭ ብሎ ታየ። ባምፐሩ ላይ የጠፋው ሌላኛው፣ ቅቤ የነካው የሚመስለው ነበር።

«ውይ፣ እውነትም!» አለ ጎረቤቴ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መኪና አልነበረኝም። ባምፐር ብቻ ነበረኝ።

አምስት ቀን አልደወልኩላቸውም። እውነቱን ልናገር፣ ጠልቻቸው ነበር። ይበልጥ ያንገበገበኝ ግን መኪናዋን ስረከብ እኔም አይቼው የነበረ መሆኑ ነው። የሽያጭ ኃላፊው «ብርሃኑ ነው ጌታዬ» ሲለኝ፣ ጨቅጫቃ መምሰሉ አሳፍሮኝ «አዎ፣ ብርሃኑ ነው» አልኩና «ያለ እንከን ተረክቤያለሁ» የሚለው ላይ ፈረምኩ። ወረቀቱ ከሰባት ቀን በኋላ ቅሬታ እንደማይቀበሉም ይናገራል።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት በሬ ተንኳኳ። «ነገ ያልቃል አይደል? ተነስ!» አሉኝ አክስቴ። ለካ ያን ዕለት መኪናዋ ውስጥ የነበረውን ወረቀትም አንብበውታል። በመንገዳችን ላይ «ብርሃኑ ነው» መባሌን ነገርኳቸው።

መሸጫው ስንደርስ ኃላፊው ከረባቱን እያስተካከለ ፈገግ አለ። «እማማ፣ ባምፐሩ ፕላስቲክ ነው፣ በሩ ብረት ነው። ቀለም እኩል አይቀበሉም። የታወቀ ነገር ነው።»

«ልጄ፣ እኔ ሐርና ጥጥ አንድ ልብስ ላይ ሰፍቻለሁ። ደንበኛዬን ግን ‹ሐር ስለሆነ ነው፣ ቻይው› ብያት አላውቅም።»

«ለማንኛውም ጌታዬ ፈርመው ነው የወሰዱት።»

ይህን ጊዜ እንደ ልማዴ «ይሁን፣ ግድ የለም» ልል ነበር። አክስቴ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት።

«አዎ፣ ፈርሟል! ያየውን ‹አላየህም› ብለህ አስፈረምከው! ይህ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ሲጠበው እንኳ አይናገርም። እግሩ ቆስሎ ነው የምናውቅለት። እኔ ካልተናገርኩለት ማን ይናገርለት?»

አጠገባችን ሊፈርሙ የተቀመጡ ባልና ሚስት እስክሪብቶውን አስቀመጡና ባምፐራቸውን ሊያዩ ወጡ። ኃላፊው በዓይኑ ሸኛቸው፤ ፈገግታውም አብሯቸው ወጣ።

«የፊቱም የኋላውም ባምፐር እንደገና ይቀባል» አለ።

ወደ ቤት ተመለስን። ንዴቴ አልበረደም፤ በእሳቸው ላይ ግን አልነበረም። ጎልማሳ ሰው ነኝ፤ አሁንም የሚናገርልኝ ሌላ ነው። አክስቴ ከጎኔ ተቀምጠው በራዲዮኑ ቁልፍ ይጫወታሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ «አልቋል፣ ይውሰዱ» ተባልኩ። መኪናዋ ታጥባ ቆማለች። ዞርኳት፤ አንድ ነጭ መሰለችኝ። ኃላፊው ወረቀቱን ዘረጋ። «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

«ገና ነው» አልኩት።

«ደግሞ ምን ጎደለ ጌታዬ?»

«ዓይኔ» አልኩት። «መንገድ ላይ ናቸው፤ እስኪደርሱ እንጠብቃለን።»