ዜና አሳሄል፣ ሠዓሌ አካላት ዘእንበለ ርእስ

ንጉሠ በረዶ ከዙፋኑ ወርዶ ንጉሠ ጭቃ በቬርሞንት ኮረብቶች ላይ በነገሠ ጊዜ፣ መዋዒ በብሩሽ፣ ትጉህ በማዕድ የሆነው ሠዓሊ አሳሄል ትሮብሪጅ ከአማቹ ጋጣ ተነሥቶ ዘመተ። ሠራዊቱም አንድ ዓይና በቅሎ፣ የተሰበረ ጃንጥላ፣ በከብት ፊኛ የተቋጠረ ቀለምና በደጀንነት የሚከተሉት ራስ የሌላቸው ሰዎች ነበሩ፤ በበረዶው ወራት ደንበኛ ስለማይወጣ ካፖርት የለበሰውን ገላ አስቀድሞ በሸራ ላይ ስሎ ያከማች፣ በጸደይም ፊቱን ላመጣለት ሁሉ ራስ ይተክልለት ነበርና።

አማቹም ከጋጣው ደጃፍ እንዲህ ሲል አዋጅ አስነገረ፦ «ስማ አሳሄል፣ ዘንድሮም ባዶ እጅህን ከተመለስክ የሠረገላ ጎማ ስትቀባ ታረጃታለህ። እኔ እህትህን አገባሁ እንጂ አንተን አላገባሁም።»

ወእምዝ ወደ ኔዘርፊልድ ገባ። በዚያም መቅሠፍተ ሰካራማን የሆኑት የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ሽማግሌ ፋይሎ ዋድሃም፣ «መጠጥ ከንፈሬን ነክቶት አያውቅም፤ ሥዕሌ በአዳራሹ ይሰቀልና ጠጪ ሁሉ እያየኝ ይፈር» ብለው አወጁ። ነገር ግን ከደጀኑ የተረፈው ገላ አንድ ብቻ ሆነ፤ እርሱም ሥዕሉን አዝዞ ራሱ ሳይሳል የከዳ የአንድ መጠጥ ቤት ጌታ ነበር፤ ቦርጩ የሞላ፣ በእጁም ሮም የሚሉት አረቄ የሞላበት ዋንጫ የጨበጠ። ጀግናው ግን ጎማውን አሰበና አልተሸበረም፤ በዚያ ቦርጭ ላይ የሽማግሌውን የከሳ ፊት ተከለ፣ በዋንጫውም ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ስሎ ሸፈነው።

ሥዕሉ በአዳራሹ ተሰቅሎ ቀለሙ ሳይደርቅ የጸደይ ጽዳት ደረሰ። ምእመናን ሁሉ ባልዲ ይዘው አዳራሹን ሲያጥቡ፣ ግድግዳና ወንበር ሳትለይ በአመድ ሳሙና የምትፈትገው የሽማግሌው ሚስት ትራይፊና ባሏንም ፈተገችው፤ መጽሐፉ ታጥቦ ወረደ፣ ዋንጫውም በሕዝብ ፊት ተገለጠ።

አሳሄል ጎማ እየታየው ወደ በሩ ሲያፈገፍግ፣ ሽማግሌው ፊታቸው አመድ መስሎ አወጁ፦ «በቃ፣ አይቶኛል። ይህ ሰው ከገለባው ሥር ያለችውን በርሜሌን አይቷል።»

ትራይፊናም በአዋጅ መለሰች፦ «ማታ ማታ ‹ላሚቱን ልያት› የምትለኝ ለዚህ ነው? ላሚቱ እኮ ከሞተች ቆየች፣ አንተ ሰውዬ!»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ኔዘርፊልድ በሙሉ ተሰለፈ፤ ሥዕል ወዶ አይደለም፣ ያልተሳለ የሚደብቀው አለ ይባል ነበርና። ሁሉም ሁለት እጆቹ ባዶአቸውን ተዘርግተው እንዲታዩ አዘዘ። ጀግናው እጅ መሳል አያውቅበትም ነበርና ጣቱን እንደ መጣለት ለአንዱ አብዝቶ ለሌላው አጉድሎ አደለ፤ ደፍሮ የቆጠረ ግን አልተገኘም። በሰልፉ መጨረሻ እጁን ታጥቦ የቆመው አማቹ ነበር።

ስለዚህ ሳያይ ያየ፣ ሳይመረምር ልብንና ኩላሊትን የመረመረ፣ ከጎማ የዳነ አሳሄል ስሙ ለልጅ ልጅ ይክበር። ሊሸሽበት የነበረውንም በር የኔዘርፊልድ ሰዎች እስከ ዛሬ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያልፉታል።