አባ ዝጋው በቆቃ መንገድ መስኮት እንደ ከፈቱ

በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ የሠፈሩ ትራንስፎርመር በተቃጠለ በሃያ አንደኛው ቀን፣ መምህር ልዑልሰገድ ጡረታ በወጡ በሰባተኛው ዓመት፣ በወርኃ ግንቦት በ፲፭ኛው ዕለት፣ በቀዳሚት ሰንበት፣ የአዳማ አስፋልት ጫማ ይዞ አልለቅም ባለበት፣ ውሾችም ከቆሙ መኪናዎች ሥር ተኝተው መጮህን እንደ ትርፍ ሥራ በቆጠሩበት ረፋድ፣ ይህ የምንጽፈው ግብር ሆነ። የምንጽፈውም ያየነውን ነው፤ ከኋላ ወንበር፣ እግራችንን በሽንኩርት ኬሻ ላይ ሰቅለን አይተናልና።

እኒህ ልዑልሰገድ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ዝጋው፣ ፈረስ ይቅርና ጋሪ ላይ እንኳ ነፋስ ፈርተው የማይወጡ፣ ባለ ጥጥ ጆሮ፣ ባለ ሻርፕ አንገት፣ የሹራብ ወዳጅ፣ የነፋስ ባላጋራ፣ የመስኮት ሁሉ ዘጊ ነበሩ። በአሰላ መንገድ ሁለት መስኮት ዘጉ፤ በወንጂ መንገድ አንድ፤ በመተሐራ መንገድ የሾፌሩን ጭምር ዘግተው ሾፌሩን አስለቀሱት። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ፣ የሞቀ አየር ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ቀዝቃዛውም ገብቶ ቦታውን እንደሚይዝ፣ ለሰባተኛ ክፍል ልጆች በጠመኔ እየሣሉ አስተማሩ፤ ያስተማሩትም የክፍሉን መስኮት ሁሉ ጠርቅመው ነው። የጦር መሣሪያቸው አንዲት ቁራጭ ካርቶን ነበረች፤ ከጫማ ሣጥን የተቆረጠች፣ በአራት የታጠፈች፣ ከኮታቸው ኪስ የማትለይ፣ የዘጉት መስኮት በመንገድ ንቅናቄ ተንሸራቶ እንዳይከፈት በፍሬሙ መሐል የምትሸጎጥ።

አይፈረድባቸውም። ልጅ ሳሉ አጎታቸው በጭነት መኪና አናት ላይ ተቀምጦ ከመቂ አዳማ ገብቶ፣ በማግስቱ አፉ ወደ ጆሮው ተጣሞ ተነሣ፤ ሰውም ሁሉ ነፋስ መታው አለ። አጎትየው እስኪሞት ድረስ ሻይ በአንድ ጎን ብቻ ይጠጣ ነበር። ያን ያየ ሕፃን አድጎ መስኮት ቢዘጋ ምን ይገርማል።

ወእምዝ የዘመቻው ምክንያት ይህ ነው። ልጃቸው ሀሴት፣ በዓለም ጤና ከተማ ያገባችው፣ ወንድ ልጅ ተገላገለች። እናቷ ወይዘሮ መሰለች፣ የአባ ዝጋው የአርባ አንድ ዓመት ሚስት፣ ዝምታን በሕልማቸው እንኳ የማያውቁ፣ ከጎረቤት ጋር በአጥር ላይ፣ ከሩቅ ዘመድ ጋር በስልክ፣ ሰው ከጠፋም ከድስቱ ጋር የሚያወጉ፣ አራት ኪሎ ለጋ ቅቤ በነጭ ባልዲ ይዘው አራስ ሊጠይቁ ተነሡ። መነሻውም ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እንዲሆን አዘዙ።

በዋዜማው የጤና መኪና በድምፅ ማጉያ እየዞረች እንዲህ የሚል አዋጅ አስነግራ ነበር፦ «ስሙ፣ ስሙ! ሙቀቱ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ገብቷል! ከአምስት እስከ አሥር ሰዓት ፀሐይ ላይ አትውጡ! ሳይጠማችሁ ውሃ ጠጡ! ሳሳ ያለ ልብስ ልበሱ! አዛውንትና ሕፃናት በታፈነ ቤትና በታፈነ መኪና አይቀመጡ!» አባ ዝጋው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ፤ ጥጡም አገዛቸው። የማለዳ ነፋስ ከሁሉ ይከፋል ብለው ነፋሱ እስኪያልፍ ጠብቀው፣ ነፋሱም አልፎ ፀሐይ ብቻዋን ስትቀር፣ ከሹራብ በላይ ኮት፣ ከኮት በላይ ሻርፕ ደርበው፣ መሰለችንም ወፍራም ጋቢ አከናንበው፣ ልክ በአምስት ሰዓት ከቤታቸው ወጡ።

በመናኸሪያው ረዳቱ ቶሌራ በሚኒባሱ በር ላይ ቆሞ አዋጁን ያሰማ ነበር፦ «ዓለም ጤና! መቂ! የሞላ ነው፣ ሁለት ሰው ብቻ! ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ነገ መቃብር ውስጥም ብቻችሁን ናችሁ!» የሠራዊቱም ዝርዝር ይህ ነው። ከፊት ሾፌሩ ገመቹ፣ በጎኑ ቶሌራ፤ ከመሐል በመስኮቱ በኩል አባ ዝጋው፣ አጠገባቸው መሰለች፣ በመሰለች ጉልበት ላይ ባልዲው። ከኋላቸው ነርስ ጉዲቱ፣ ከአዳር ተረኝነት ወጥታ ገና ሳትቀመጥ እንቅልፍ የጣላት። በእርሷ ጎን የሽንኩርት ነጋዴው ኡበይደላ፣ ዘር ሽንኩርቱን በሦስት ኬሻ ሞልቶ በበሩ ላይ የደረደረ፤ በሩም ከዚያ ወዲያ በር መሆኑ ቀርቶ ግድግዳ ሆነ። ሌሎች ስድስት ነፍሳትና እግራቸው የታሰረ ሁለት ዶሮዎችም ነበሩ፤ ስማቸው አልተመዘገበም።

የዚያች ሚኒባስ መስኮቶች ሁሉ በዝገት የተጣበቁ ነበሩ፤ የሚንሸራተተው የአባ ዝጋው መስኮት ብቻ ነው። እርሳቸውም ገና ሲቀመጡ ድርግም አድርገው ዘጉት፣ ካርቶኗንም በፍሬሙ መሐል እስከ ጥግ ሰገሰጉ፣ ዘወር ብለውም አወጁ፦ «ወገኖቼ! ላብ አይገድልም፤ የሚገድለው በላብ ላይ የሚነፍስ ነፋስ ነው! ይህ መስኮት እስከ ዓለም ጤና ይዘጋ! ሾፌር፣ የአንተም!» ሕዝቡም አንድ ስንኳ ሳይቃወም፣ ግንባሩን በመሐረብ እየጠረገ፣ እውነት ነው፣ እውነት ነው አለ። ገመቹም የራሱን መስኮት ዘጋ፤ በዚህ አገር ሙቀትን የሚችል ብዙ ነው፣ ነፋስ ያስገባ ተብሎ መወቀስን የሚችል ግን የለም።

ሞጆን አልፈው ወደ ቆቃ ሲቃረቡ ቲማቲም የጫነ መኪና መንገድ ላይ ተገልብጦ አገኙት። መንገዱም ቆመ። ከፊት መኪና፣ ከኋላ መኪና፣ ከላይ ፀሐይ። ገመቹና ቶሌራ በፊት በር ወርደው፣ በሩንም ነፋስ እንዳይገባ ከኋላቸው ዘግተው፣ ነገሩን ሊያዩ ሄዱ፤ ሠራዊቱም በታሸገው ቆርቆሮ ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀመጠ። ቅቤው መጀመሪያ አላበው፣ ቀጥሎ ለሰለሰ፣ በመጨረሻም በባልዲው ውስጥ ባሕር ሆነ። ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። መሰለች ከአዳማ እስከ ሞጆ የአራስ ገንፎን ሥርዓት፣ ከሞጆ ወዲህ የአማቻቸውን ዘመዶች ጠባይ ሲተነትኑ መጥተው፣ የአማቻቸው አክስት ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ።

አባ ዝጋው አስቀድመው እረፍት መስሏቸው ደስ አላቸው። ቆይተው ግን ዝምታው ከበዳቸው፤ በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምተው አያውቁምና። ዞረው ቢያዩ የመሰለች ፊት ቀልቷል፣ ዓይናቸውም ሰው አይለይም። ባላቸውን ሀሴት ብለው ጠሩ፣ ባቡሩ ደረሰ ወይ ብለውም ጠየቁ። እጃቸው ሲነካ እንደ ካውያ ይፋጃል፤ ላብ የሚባል የለበትም።

በይእቲ ሰዓት ኡበይደላ ከኋላ ተነሥቶ አወጀ፦ «ምች ነው! ቅቤውን አናታቸው ላይ! ዳማከሴ ያለው ዳማከሴ! መስኮቱን ማንም እንዳይነካ!» ሕዝቡም አስተጋባ። ጉዲቱም በጩኸቱ ነቅታ፣ አንድ ጊዜ የመሰለችን ግንባር ነክታ፣ ከእርሱ በላይ በሆነ ድምፅ አወጀች፦ «ምች አይደለም፣ ሙቀት ነው! ላባቸው ደርቋል፣ ሐሳባቸው ተበትኗል! መስኮት ክፈቱ፣ ጋቢውን ግፈፉ፣ ውሃ አምጡ! ጋሼ፣ አሁኑኑ! ይሞቱብዎታል!»

አባ ዝጋው ፈሩ። እውነቱን ለመጻፍ ተቀምጠናልና አንደብቅም። በአንድ በኩል የአጎታቸው የተጣመመ አፍ፣ በሌላ በኩል የሚስታቸው የተዘጋ አፍ ቆመ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እርሳቸው ግን ስድሳ ዓመት ነፋስን ሲፈሩ የደረሰው የዘጉበት ሙቀት ነው፣ የዘጉትም በገዛ እጃቸው ነው። ይህ በገባቸው ጊዜ ልባቸው ተሰነጠቀ፣ እጃቸውም ወደ መስኮቱ ሄደ።

መስኮቱ እንቢ አለ። ካርቶኗ የጌታዋን ላብ ጠጥታ፣ አብጣ፣ በፍሬሙ ውስጥ እንደ ታማኝ ዘበኛ ተወጥራ ነበር። በጥፍራቸው ሳቧት፣ ጥፍራቸው ተሰበረ፤ በቤት ቁልፍ ቆፈሯት፣ ቁልፉ ተጣመመ። ያን ጊዜ አንበሳው ልዑልሰገድ ጎንበስ ብለው፣ በጥርሳቸው፣ ያውም በሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ነክሰው፣ እግራቸውን ከፊት ወንበር አስደግፈው፣ እመቤቴ ድረሺ ብለው አንዴ ገነጠሏት። ካርቶኗም ወጣች፤ የላይኛው ጥርሳቸውም አብሯት ወጣ። መስታወቱን በሁለት እጃቸው ወደ ኋላ ገፉት፤ የቆቃ ሐይቅ ነፋስም ስድሳ ዓመት ደጅ ጠንቶ እንደ ተፈቀደለት ባለጉዳይ ዘው ብሎ ገባ። እርሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ምቱን ጠበቁ።

ምቱ ሲዘገይባቸው ዓይናቸውን ገለጡ፣ ጋቢውን ገፈፉ፣ ኮታቸውን አወለቁ፣ ሻርፓቸውን ከአንገታቸው ፈቱ። ቢሻን፣ ውሃ፣ እየተባለ በሁለቱም ቋንቋ ከየወንበሩ ሰባት ላስቲክ ውሃ መጣ፤ ሻርፑን ነክረው በመሰለች አንገትና ብብት ያዙ፣ በዚያችው በተነከሰች ካርቶን ያራግቡ ጀመር። ኡበይደላም ዳማከሴውን ረስቶ፣ ገመቹና ቶሌራ ሮጠው በሩን ከውጭ በከፈቱለት ጊዜ፣ ዘር ሽንኩርቱን በገዛ እግሩ እየገፋ ወደ ቦይ አንከባለለ፤ ይህም ከነጋዴ የማይጠበቅ ጀብዱ ስለሆነ እዚህ ተጻፈ። መሰለችንም ተሸክመው ከግራር ጥላ ሥር አኖሯቸው።

አባ ዝጋው ያራግባሉ፤ ጉዲቱ ውሃ ታፈሳለች። ሰውም ሁሉ የመሰለችን አፍ ብቻ ያያል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያ አፍ ተከፈተ፣ እንዲህም አወጀ፦ «ልዑሌ! ያን መስኮት የከፈተው ማነው? ሹራብህ ብቻ? ሻርፕህስ? ነፋስ ይመታሃል እኮ! ጥርስህ የት ሄደ? ቅቤው ተደፋ ወይ?» ቅቤው አልተደፋም ነበር። አባ ዝጋው አለቀሱ፤ ላብ ነው አሉ፤ ያመናቸው የለም።

ወእምዝ በጉዲቱ ትእዛዝ በመጀመሪያ ከዓለም ጤና ሐኪም ዘንድ ገቡ፤ መሰለችም ጉሉኮስ ተሰጥቷቸው፣ ዳኑ ተብለው በአሥራ አንድ ሰዓት ተለቀቁ። በመንገዱም ሁሉ መስኮቱ ክፍት ነበር፤ አባ ዝጋው ግን በየኪሎሜትሩ ጣታቸውን ወደ አፋቸው እየሰደዱ፣ ተጣመመ ወይስ አልተጣመመም ብለው ይለኩ ነበር።

ከሀሴት ቤት ሲደርሱ የአራሷ ክፍል እንደ ሥርዓቱ ተጠርቅሟል፤ በመስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል፣ ሰባት ሴቶች በሩን ይጠብቃሉ፣ ሕፃኑ በሦስት ፎጣ ተጠቅልሏል፣ ሀሴትም በላብ ተጠምቃለች። አባ ዝጋው በደጃፉ ቆመው የመጨረሻውን አዋጅ አሰሙ፦ «ሲዘጋ የኖረ ልዑልሰገድ ይናገራል! ይህ መስኮት ይከፈት!» ሰባቱ ሴቶች ሕፃኑን ነፋስ ይመታዋል ብለው በአንድ ድምፅ ጮኹ፣ ፍርድም ፈልገው ወደ መሰለች ዞሩ። መሰለችም ባልዲያቸውን እንደያዙ፣ በዕድሜያቸው ሙሉ ካወጁት ሁሉ አጭሩን አዋጅ አወጁ፦ «ይከፈት!»

ተከፈተ። የመስኮቱ መከለያ ግን እየተመለሰ ይዘጋ ነበር፤ ያን ጊዜ ጌታው ከኪሳቸው ያችን ካርቶን አወጡ፣ የጥርሳቸው ማኅተም ያለባትን፣ በአራት አጥፈው ከመከለያው ሥር ሸጎጧት፣ መስኮቱም ክፍት ሆኖ ጸና። ሀሴት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ሕፃኑም አንድ እጁን ከፎጣው አወጣ። አባ ዝጋው በግድግዳው መስታወት አፋቸውን አዩ፤ ጥርስ ቢጎድለውም ቀጥ ያለ ነበር።

ከዚያች ዕለት ጀምሮ የፈረስ ስማቸው አባ ክፈተው ተባለ፤ ጥጡ ግን ከጆሮአቸው አልወጣም፤ ጀግናም ቢሆን ሁሉን በአንድ ቀን አይጥልም። ምስጋና ለባለ ሻርፑ፣ ለነካሹ፣ ለገንጣዩ፣ የሐይቁን ነፋስ በክብር ለተቀበለው! ሌሎች ከዘመቻ ወርቅና ከብት ይዘው ይመለሳሉ፤ እርሳቸው ይዘው የተመለሱት የወይዘሮ መሰለችን ወሬ ነው፣ ከአማቻቸው አክስት ላይ ቆሞ የነበረውን። እርሱም ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀም፤ አባ ክፈተውም ጥጣቸውን በአንድ ጆሮ ላላ አድርገው ይሰማሉ።