ሎሚ ያላስለቀቀው ማጅራት

ሰው የገዛ ማጅራቱን አያይም። እግዜር ምን አስቦ ይሆን? የኔን ያየችው ሚስቴ ናት። «አንተ ሰውዬ፣ አንገትህን አትታጠብም እንዴ?» አለችኝ። ታጠብኩ። ጥቁረቱ ንቅንቅ አላለም። ሎሚ ቆርጣ፣ የተረከዝ መፈተጊያ ድንጋይ ይዛ መጣች። ተላጥኩ እንጂ አልነጣሁም።

በዚያው ሰሞን ታዲያ እኛ ሰፈር፣ ብሬዴንግ ያለ ወዳጅ ሁሉ ያደንቀኛል። አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ እውላለሁ፣ እረፍት ባገኘሁ ቁጥር ለስላሳ መጠጥና ጣፋጭ ዳቦ ነው። ቦርጬ መሪውን ሊነካ ምንም አልቀረው። «አማረብህ! ስዊድን ተስማማችህ!» ይሉኛል። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ?

አንድ ቀን ሳል ይዞኝ ቮርድሴንትራል፣ የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሟ ጀርባዬን ልታዳምጥ ሸሚዜን ገለጥ አደረገችና ዝም አለች። ሐኪም ዝም ሲል ትወዳላችሁ? እኔ አልወድም። እድፍ አይደለም፣ አትፈትገው አለችኝ። ሰውነት ስኳርን መቆጣጠር ሲያቅተው አንዳንዴ ቆዳ ላይ እንዲህ ይታያል፣ እና ደምህን እንየው አለች። ሳሌ እዚያው ጠፋ፤ ፍርሃት አባረረው።

ስኳር! የአባቴን እግር ያስቆረጠው እሱ ነው። ውጤቱ እስኪመጣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ እየቆለፍኩ ካልሲዬን አወልቅና ጣቶቼን አገላብጣለሁ። ፍሬን የምረግጠው በምኔ ነው? ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ውጤቱ ሲመጣ፣ የስኳር በሽታ ደፍ ላይ ቆመሃል፣ ገና ወደ ውስጥ አልዘለቅክም ተባልኩ። ለስላሳውን ተውኩ። ከባቡር አንድ ጣቢያ ቀድሜ እየወረድኩ በእግሬ መግባት ጀመርኩ። ቦርጬ ጎደለ፣ ማጅራቴም ቀስ በቀስ ፈካ አለ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ዘንድ ግን ከመድኃኒቱ ወሬው ይቀድማል።

ታዲያ «ከሳ» ተባለ። ሊጠይቁኝ መጡ። ባዶ እጅ ነውር ነውና የማንጎ ጭማቂ፣ ለስላሳ፣ ኬክ ተሸክመው! ሲያመኝ ያመሰገኑኝ ሰዎች ስድን ሊያስታምሙኝ መጡ።

ከሁሉም ያለቀሱት እትዬ በላይነሽ ናቸው፤ የሚስቴ አክስት፣ ከከተማው ሌላ ጫፍ ከአካላ ድረስ። «ልጄን ምን በላብኝ?» እያሉ ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ሲሉ ነጠላቸው ተንሸራተተ። ማጅራታቸውን አየሁት። ጠቆር፣ ወፈር ያለ፣ የኔው የድሮው።

ቀስ ብዬ ብጠይቃቸው እድፍ ነው፣ ሎሚ እያሸሁት ነው አሉ። ቢመረመሩስ ብላቸው ተቆጡ። «እኔ በሽተኛ ልጠይቅ መጣሁ እንጂ መቼ ታመምኩ?» የአባቴ እግር ትዝ አለኝ። ምን ላድርግ? የሌለ ሳል ሳልኩና፣ «እትዬ፣ ሐኪም ቤት ብቻዬን መሄድ ፈራሁ። ነገ አብረውኝ ይሂዱ» አልኳቸው። ለታመመ ማን እምቢ ይላል?

በማግስቱ ቮርድሴንትራል ሐኪሟ የጣት መውጊያ መርፌዋን ስታወጣ ሆን ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። እትዬ ታዘቡኝ። «አየህ፣ አያምም» ብለው፣ እኔን ለማደፋፈር፣ የራሳቸውን ጣት ቀድመው ዘረጉ።

ሐኪሟ የእሳቸውን ቁጥር አየችና ዝም አለች።

እትዬ እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙ። «አይዞህ ልጄ» አሉኝ።